ከቸኮላት ቤት እስከ ጌርኒካ ዛፍ፦ የባስኩ መሪ የሆዜ አንቶኒዮ አጊሬ ሕይወት

ባለፈው የበጋ ዕረፍት ሦስት ቤተሰቦች ሆነን ድንኳናችንን ይዘን ወደ ባስክ አገር የባሕር ዳርቻ ሄደን ነበር። ድንኳን ይዘን ልንሄድ ነው ስንል እናታችን ሳቁብን። እርሳቸው ድንኳን የሚያውቁት በሱዳን በስደቱ ጊዜ ነውና፣ ሰው ገንዘብ ከፍሎ፣ በአውሮፕላን ሄዶ፣ ደግሞ ድንኳን ውስጥ የሚተኛበት ዕረፍት ምን ዓይነት ዕረፍት እንደሆነ ሊገባቸው አልቻለም። እኛም በቂ መልስ አልነበረንም።

ባስክ አገር የሚባለው ከፊሉ በስፔን ሰሜን፣ ከፊሉ በፈረንሳይ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ በቢስካይ ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለ አገር ነው። ተራራው ከባሕሩ ጋር የተጋጠመ፣ ሁልጊዜ አረንጓዴ፣ ዝናቡም በበጋ የማይቀር ነው። ዛራውትስ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ በሁለተኛው ሌሊታችን ድንኳናችን ውሃ አስገባና ልጆቹን መኪና ውስጥ አስተኝተን አደርን። በማግስቱ ለመድረቅም ለማረፍም ብለን ቢልባኦ ገባን። ቢልባኦ ቀድሞ የብረት ፋብሪካና የመርከብ ከተማ ስትሆን ከ1997 ጀምሮ ደግሞ ጉገንሃይም በሚባለው ሙዚየም በዓለም ታውቃለች። መሐል ከተማው ላይ ኤርሲያ በሚባለው መንገድ የአንድ ሰው ሐውልት ቆሟል። ልጆቻችን ማን እንደሆነ ጠየቁን። የባስኮች የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆዜ አንቶኒዮ አጊሬ ነው። በሥራችን ብዙ ስደተኛ ቤተሰብ ስላየን ነው መሰለን፣ የእኚህ ሰው ታሪክ ከሙዚየሙ ይልቅ ልባችንን ያዘውና ለእናንተም ልናካፍላችሁ ወደድን። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አጊሬ በማርች 6 ቀን 1904 ቢልባኦ ውስጥ፣ አሮጌው ከተማ በሚባለው ሰፈር ተወለዱ። ለአሥር ልጆች በኩር ነበሩ። ቤተሰቡ የሚተዳደረው በቸኮላት ፋብሪካ ሲሆን አባታቸው ደግሞ ጠበቃ ነበሩ። ስለ ቸኮላት ከተነሳ አንድ ነገር እንጨምር። በፈረንሳይ በኩል ባለችው የባስክ ከተማ በባዮን የቸኮላትን ሥራ ያስገቡት በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ከስፔንና ከፖርቱጋል በሃይማኖታቸው ምክንያት ተሰደው የመጡ አይሁዶች ናቸው። እስከ ዛሬ ድረስ ባዮን በቸኮላቷ ትታወቃለች። እኛም ከዚያ ገዝተን ለእናታችን አመጣንላቸው፤ ይህኛውን የዕረፍቱን ክፍል ወደዱት።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። የባስኮች ቋንቋ ኤውስካራ ይባላል። በዓለም ላይ በሕይወት ካሉ ቋንቋዎች ዘመድ ያልተገኘለት ቋንቋ ነው። ስፓኒሽም ፈረንሳይኛም ምንም አይመስሉትም። በአጊሬ ልጅነት ጊዜ ቢልባኦን በመሰሉ ትላልቅ ከተሞች ኤውስካራ የገበሬና የአሳ አጥማጅ ቋንቋ ተብሎ የሚናቅ ነበር፤ የተማረ ሰው የሚናገረው ስፓኒሽ ነው። የአጊሬ አባት ግን ልጃቸውን በዚያ ከተማ ገና አዲስ በተከፈተው፣ በኤውስካራ በሚያስተምረው ኢካስቶላ በሚባል ትምህርት ቤት አስገቧቸው። በወላጅ ቋንቋና በትምህርት ቤት ቋንቋ መካከል የተያዘ ልጅ ያለው ቤተሰብ ይህ ውሳኔ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይገባዋል ብለን እናምናለን።

አባታቸው በ1920 ሲሞቱ አጊሬ የ16 ዓመት ልጅ ነበሩ። በኩር በመሆናቸው የቤተሰቡ ኃላፊነት ጫንቃቸው ላይ ወደቀ። ቢሆንም ትምህርታቸውን ሳይተዉ በዴውስቶ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማሩ፤ የቸኮላቱንም ሥራ ረዱ። ከዚህም ሌላ ኳስ ይጫወቱ ነበር፤ ያውም በሰፈር ሳይሆን በታላቁ በአትሌቲክ ቢልባኦ ቡድን ውስጥ በአማካይ ቦታ ነበር የሚጫወቱት። አትሌቲክ ቢልባኦ እስከ አሁን ድረስ ባስክ ያልሆነ ወይም በባስክ አገር ያላደገ ተጫዋች የማያሰልፍ ቡድን ነው። በኋላ ፖለቲካ ውስጥ ሲገቡ ብዙ ሰው ያወቃቸው በንግግራቸው ሳይሆን በኳሱ ሜዳ ነበር። ሰውዬው ቁመታቸው አጭር፣ ፈገግታ የማይለያቸው፣ ነገሩ ሁሉ በበጎ ያልቃል ብለው የሚያምኑ ነበሩ ይባላል። ይህ ተስፈኛነታቸው እንደ ጠቀማቸው ሁሉ እንደ ጎዳቸውም ወደፊት እናያለን።

በ1931 ስፔን ውስጥ ንጉሡ ወርደው ሪፐብሊክ ሲታወጅ አጊሬ በባስክ ብሔርተኛ ፓርቲ በኩል ተመርጠው የጌቾ ከተማ ከንቲባ ሆኑ። ጌቾ ከቢልባኦ ወንዝ መውጫ አጠገብ ያለች የባሕር ዳር ከተማ ናት። ዕድሜያቸው ያን ጊዜ 27 ነበር። ወዲያው የባስክን ከተሞች ከንቲባዎች ሰብስበው አገሩ ራሱን እንዲያስተዳድር የሚጠይቅ ሕግ ማዘጋጀት ጀመሩ። በዚያው ዓመት የማድሪድ ምክር ቤት አባልም ሆኑ። በ1933 ማሪ ሳባላን አገቡ። ራስን የማስተዳደሩ ሕግ ግን አንድ ጊዜ በቀኝ፣ አንድ ጊዜ በግራ ፓርቲዎች እየተገፋ አምስት ዓመት ሙሉ ተንከባለለ። እርሳቸው አጥባቂ ካቶሊክ ስለነበሩ ግራዎቹ ያምኗቸው አልነበረም፤ የባስክ ብሔርተኛ ስለነበሩ ደግሞ ቀኞቹ ይጠሏቸው ነበር።

በጁላይ 1936 ጄኔራል ፍራንኮና ጓደኞቹ በሪፐብሊኩ ላይ ተነሱ። የእርስ በርስ ጦርነት ተጀመረ። ቤተ ክርስቲያኑ በአብዛኛው ከፍራንኮ ጋር ሲቆም የአጊሬ ፓርቲ ካቶሊክ ሆኖ ሳለ ከሪፐብሊኩ ጋር ቆመ። ይህ ቀላል ምርጫ አልነበረም። ከአጎራባቹ አውራጃ ከናቫራ ብዙ ባስኮች ከፍራንኮ ጋር ተሰልፈዋልና ወንድም ከወንድሙ ጋር ነው የተዋጋው። የማድሪድ ምክር ቤት ለዓመታት የዘገየውን ሕግ በኦክቶበር 1 ቀን 1936 አጸደቀ። ያን ጊዜ ሳን ሴባስቲያን በፍራንኮ እጅ ከገባች ሳምንታት አልፈው ነበር። ለአዲሱ መንግሥት የቀረለት የቢልባኦ ዙሪያ፣ የቢስካያ አውራጃ ነበር ማለት ይቻላል።

ከስድስት ቀን በኋላ በኦክቶበር 7፣ ጌርኒካ በምትባለው ትንሽ ከተማ ባለው የባሉጥ ዛፍ ሥር አጊሬ በ32 ዓመታቸው ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ከጥንት ጀምሮ የቢስካያ ሽማግሌዎች ከዚያ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ይማከሩ ነበር፤ ነገሥታትም የአገሩን ሕግ እንደሚያከብሩ እዚያው ይምሉ ነበር። በገጠር በትልቅ ዋርካ ሥር ሽማግሌዎች ሲሰበሰቡ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። አጊሬ የማሉት በኤውስካራ ነው። የጦር ግንባሩ ቅርብ ስለነበረ ሥነ ሥርዓቱ ቀድሞ ሳይለፈፍ ነው የተደረገው። ማዕረጋቸውም ሌንዳካሪ ተባለ፤ ትርጉሙ መሪ ማለት ነው።

መንግሥታቸው ብሔርተኞችን፣ ሶሻሊስቶችን፣ ሪፐብሊካኖችንና አንድ ኮሚኒስትን ያቀፈ ነበር። በዘጠኝ ወር ውስጥ ገንዘብ አተመ፣ ፖሊስና ጦር አቋቋመ፣ የሕክምና ትምህርት ቤት ከፈተ። ቤተ ክርስቲያኖችም እንደ ሌላው የሪፐብሊኩ ክፍል አልተቃጠሉም። ነገር ግን ሁሉም መልካም ነበር ብለን አንጽፍም። በጃንዋሪ 4 ቀን 1937 የጀርመን አውሮፕላኖች ቢልባኦን ከደበደቡ በኋላ የተቆጣ ሕዝብ ወደ እስር ቤቶቹ ሄዶ ከ200 በላይ የፍራንኮ ደጋፊ እስረኞችን ገደለ። እንዲጠብቁ ከተላኩት ታጣቂዎች መካከልም በግድያው የተሳተፉ ነበሩ። አጊሬ ነገሩን አልሸሸጉም፤ ምርመራ አዘዙ፣ ለሟቾቹም በአደባባይ ቀብር ተደረገላቸው። በዚያ ጦርነት በሁለቱም ወገን እንዲህ ያደረገ መንግሥት ማግኘት ይከብዳል። የሞቱትን ግን አይመልስም፤ እርሳቸውም ይህ ነገር እስከ መጨረሻው ሲያሳዝናቸው ኖሯል።

በማርች መጨረሻ 1937 የፍራንኮ ጦር በጀርመንና በጣሊያን አውሮፕላኖች ታግዞ ወደ ቢልባኦ መግፋት ጀመረ። በኤፕሪል 26፣ ሰኞ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ በ10 ሰዓት ተኩል ገደማ በእኛ አቆጣጠር፣ የጀርመኑ ኮንዶር ሌጊዮንና የጣሊያን አውሮፕላኖች ጌርኒካ ላይ መጡ። ሰኞ የገበያ ቀን ነው። ከሦስት ሰዓት በላይ ፈንጂና እሳት የሚያስነሳ ቦምብ እየተፈራረቁ ጣሉ፤ ወደ እርሻ የሸሸውንም ሰው ዝቅ ብለው በመትረየስ ተኮሱበት። የከተማው አብዛኛው ክፍል ነደደ። የሟቾቹ ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል። የባስክ መንግሥት ያን ጊዜ 1,654 ብሎ ነበር፤ በኋላ የመረመሩት የታሪክ ሰዎች ብዙዎቹ ከ150 እስከ 300 ይላሉ። ዛፉና የምክር ቤቱ አዳራሽ ሳይነኩ ተረፉ። የፍራንኮ ወገን ግን ጌርኒካን ያቃጠሏት ባስኮች ራሳቸው ናቸው ብሎ አወጀ፤ ይህንኑ ውሸት ለብዙ ዓመታት ሲደጋግመው ኖረ።

ይህን ውሸት ያጋለጠው ሰው ለእኛ ኢትዮጵያን ለምናውቅ ሰዎች እንግዳ አይደለም። ጆርጅ ስቲር ይባላል፤ በደቡብ አፍሪካ የተወለደ የእንግሊዙ የታይምስ ጋዜጠኛ ነው። በ1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር አዲስ አበባ ሆኖ የዘገበ፣ ስለ መርዝ ጋዙ የጻፈ፣ በ1936 ጣሊያኖች ከተማዋን ሲይዙ ከአገር ያስወጡት እርሱ ነው። ስለ ኢትዮጵያ የጻፈው መጽሐፍም በዚያው ዓመት ታትሟል። ጌርኒካ በምትነድበት ሌሊት ቢልባኦ ነበርና ከሌሎች ጋዜጠኞች ጋር በመኪና ሄዶ እሳቱን በዓይኑ አየ፤ ከሞት የተረፉትንም ሰዎች ጠየቀ፤ የጀርመን ምልክት ያለባቸውን የቦምብ ቅርፊቶች ሰበሰበ። ጽሑፉ በኤፕሪል 28 ለንደን ውስጥ ወጣ፤ በኒው ዮርክም ታተመ። ሠዓሊው ፒካሶ ታላቁን ሥዕሉን የሣለው ዜናው ዓለምን ካናወጠ በኋላ ነው። ስቲር ከአጊሬ ጋር ወዳጅ ሆኖ ስለ ባስኮችም መጽሐፍ ጻፈ። በኋላ በሱዳን በኩል ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ አገራቸው ሲመለሱ አብሯቸው ነበር፤ ንጉሡም የልጁ ክርስትና አባት ናቸው። በ1944 በመኪና አደጋ ሞተ። ጌርኒካ ውስጥ መታሰቢያ ሐውልት ቆሞለታል። ልጆቻችን የኢትዮጵያ ስም በዚያች ከተማ ታሪክ ውስጥ መግባቱን ሲሰሙ ተገረሙ፤ እኛም አስቀድመን አናውቅም ነበር።

አሁን በሥራችን ምክንያት ከሁሉ ይልቅ ወደነካን ነገር እንምጣ። ከጌርኒካ በኋላ የአጊሬ መንግሥት ልጆችን ከአገር ለማውጣት ወሰነ። ወደ ፈረንሳይ፣ ቤልጂግ፣ እንግሊዝ፣ ስዊዘርላንድ፣ ዴንማርክና ሶቪየት ኅብረት በጠቅላላው ከ20,000 በላይ ልጆች ተላኩ። በሜይ 21 ቀን 1937 ሀባና የምትባለው መርከብ ወደ 4,000 የሚጠጉ ልጆችን ጭና ከቢልባኦ ወደብ ከሳንቱርሲ ወደ እንግሊዝ ተነሳች። መርከቧ መያዝ ከሚገባት በብዙ እጥፍ ነበር የጫነችው። አስተማሪዎች፣ ረዳት ሴቶችና ካህናት አብረው ሄዱ፤ ወላጆች ግን አልሄዱም። ለወላጆች የተነገራቸው ለሦስት ወር ያህል ብቻ ነው ተብሎ ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት አንድ ሳንቲም አላወጣም፤ በጎ ፈቃደኞች ለእያንዳንዱ ልጅ በሳምንት 10 ሽልንግ እንዲከፍሉ አደረገ።

ልጆቹ ሳውዝሃምፕተን አጠገብ ባለ ሜዳ ላይ በተተከሉ ድንኳኖች ውስጥ ተቀመጡ። አውሮፕላን ሲያልፍ በሰሙ ቁጥር እየጮኹ ይሸሹ ነበር። በጁን 19 ቢልባኦ በጠላት እጅ መውደቋ የተነገራቸው በድምፅ ማጉያ ነው። እናትና አባቱ የት እንዳሉ ለማያውቅ የሰባት ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ዜና በሜዳ ላይ በማጉያ ይነገራል? ሰፈሩ በልቅሶ ተናወጠ፤ አንዳንዶቹ ወደ ቤታቸው ሊመለሱ ከሰፈሩ ወጥተው ወደ ወደቡ ሄዱ። እኛ በሙያችን ዛሬ እንዲህ እንዳይደረግ እንማራለን፤ ያኔ ግን ክፋት አልነበረም፤ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የሚገርመው ደግሞ በዚያው ዓመት ዓፄ ኃይለ ሥላሴ በስደት የሚኖሩት እዚያው እንግሊዝ ውስጥ፣ ባዝ በምትባለው ከተማ ነበር።

ሦስቱ ወር አላለቀም። ብዙዎቹ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ ወላጆቻቸው ተመለሱ፤ በመቶ የሚቆጠሩት እንግሊዝ ቀሩ። ወደ ሶቪየት ኅብረት የተላኩት እስከ 1956 ድረስ መመለስ ያልቻሉ ነበሩ፤ ሲመለሱም ከእናታቸው ጋር የሚያግባባቸው ቋንቋ የጠፋባቸው ነበሩ። አጊሬ ለዚህ ውሳኔ ሲወቀሱም ሲመሰገኑም ኖረዋል። እኛ ግን ቦምብ በሚዘንብበት ከተማ ልጁን ወደ መርከብ የሰጠውን ወላጅም፣ መርከቧን ያዘጋጀውንም መንግሥት ለመውቀስ አፋችን አይከፈትም። በየቤታችን ቀድሞ የተላከ ልጅ፣ ለዓመታት የዘገየ ወላጅ ታሪክ አለና።

ቢልባኦ የወደቀችው በከፊል በክህደት ነው። በከተማዋ ዙሪያ የብረት ቀበቶ የሚባል የምሽግ መስመር ተሠርቶ ነበር። ከሠሩት መሐንዲሶች አንዱ ጎይኮኤቼአ ንድፉን ይዞ ወደ ፍራንኮ ኮበለለ፤ ቀዳዳው የት እንዳለም አሳየ። በኋላ ታልጎ የተባለውን ፈጣን ባቡር የፈለሰፈው ይኸው ሰው ነው። በሜይ ወር አጊሬ የጦሩን አዛዥነት ራሳቸው ይዘው ነበር፤ ወታደር ስላልነበሩ ለዚህ ይነቀፋሉ፤ ከሪፐብሊኩ የጠየቋቸው አውሮፕላኖችም በጊዜ አልደረሱላቸውም። ከተማዋን ሲለቁ ግን ሁለት ነገር አደረጉ። የቀሩትን እስረኞች በሕይወት ለቀቁ፤ የጃንዋሪው ነገር እንዳይደገም ማለት ነው። ፋብሪካዎቹንም አላቃጠሉም። የሪፐብሊኩ ሰዎች በዚህ ሁለተኛው በጣም ተቆጡ፤ የቢልባኦ ብረት ከዚያ በኋላ ለፍራንኮ ጦር ነውና የዋለው። በዚህ ላይ ተቺዎቹ እውነት አላቸው ብንል ደስ አይለንም፤ ግን አላቸው።

በኦገስት የቀሩት የባስክ ጦር ክፍሎች ሳንቶኛ በሚባል ወደብ ለጣሊያኖች እጃቸውን ሰጡ። ድርድሩን ያደረጉት የፓርቲው ሰዎች ሲሆኑ ጣሊያኖቹ ወታደሮቹ በመርከብ እንዲወጡ ተስማምተው ነበር። ፍራንኮ ስምምነቱን አልቀበልም አለ። መርከብ ላይ የወጡት ሁሉ እንዲወርዱ ተደረገ፤ ብዙዎቹ ሞት ተፈረደባቸው፤ ጥቂት የማይባሉትም ተረሸኑ። በአጠቃላይ በፍራንኮ ሰዎች ከተገደሉት መካከል ከ10 በላይ የባስክ ካህናትም ይገኛሉ።

በዚህ ሁሉ መካከል ደግሞ ኳስ አልቀረም። በ1937 አጊሬ የታወቁ ተጫዋቾችን ሰብስበው የባስክ ብሔራዊ ቡድን ወደ ውጭ ላኩ። ቡድኑ በፈረንሳይ፣ በቼኮዝሎቫኪያ፣ በሶቪየት ኅብረት እየዞረ ተጫወተ፤ የሚገኘው ገንዘብ ለስደተኞች ነበር። ቢልባኦ ስትወድቅ ገና በውጭ ነበሩና ሜክሲኮ ገቡ፤ በ1938 እና 1939 በሜክሲኮ ሊግ ተወዳድረው ሁለተኛ ወጡ። መንግሥት አገሩን ሲያጣ ቡድኑ ግን ስሙን ይዞ በሜዳ ላይ ነበር።

አጊሬ መንግሥታቸውን ይዘው ባርሴሎና ገቡ። ባርሴሎናም ሊወድቅ ሲል እርሳቸው ፓሪስ ነበሩ፤ መቅረት ይችሉ ነበር። ግን ለካታሎኒያው መሪ ለሉዊስ ኮምፓኒስ በመጨረሻው ሰዓት አብሬህ እሆናለሁ ብለው ቃል ገብተው ስለነበር ተመልሰው ሄዱ። በፌብሩዋሪ 1939 ሁለቱ መሪዎች በእግራቸው የፒሬኔ ተራራን ተሻግረው ፈረንሳይ ገቡ። በፈረንሳይ በኩል ባለው የባስክ ዳርቻ፣ ቢዳር አጠገብ፣ ላ ሮዝሬ የሚባል የቅንጦት ሕንፃ የባስክ መንግሥት ሆስፒታል ሆኖ ቁስለኛ ይታከምበት ነበር። ብዙ ባስኮች ደግሞ በ1939 በተሠራው ጉርስ በሚባለው የእስር ሰፈር ታጎሩ። ያው ሰፈር በኦክቶበር 1940 ናዚዎች ከደቡብ ምዕራብ ጀርመን ያባረሯቸው 6,500 ያህል አይሁዶች የተጣሉበት ነው። ከእነርሱም ብዙዎቹ በኋላ ወደ አውሽዊትዝ ተወስደዋል። ከባሕሩ ዳርቻ በመኪና ብዙ አይርቅምና ልጆቻችንን ወስደን መቃብሮቹን አሳየናቸው።

በሜይ 1940 አጊሬ ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው በቤልጂግ የተጠጉትን እናታቸውንና ወንድም እህቶቻቸውን ሊጠይቁ ሄዱ። ደ ፓነ በምትባል የባሕር ዳርቻ ጥቂት ቀን ሊያርፉ አስበው ነበር። በሜይ 10 ጀርመኖች ቤልጂግን ወረሩ። መንገዱ ተዘጋ፤ እህታቸው በቦምብ ተገደሉ። በዚያው በጋ ጀርመኖች ኮምፓኒስን ፈረንሳይ ውስጥ ይዘው ለፍራንኮ አስረከቧቸው፤ በኦክቶበር 15 ባርሴሎና ውስጥ ተረሸኑ። አጊሬም ቢያዙ መጨረሻቸው ይኸው መሆኑ ግልጽ ነበር።

መጀመሪያ ብራስልስ ውስጥ የጀስዊት ካህናት ደበቋቸው። ከዚያ አንትዌርፐን ሄደው የፓናማው ቆንስል ጉዋርዲያ ሃኤን ፓስፖርት ሰጧቸው፤ ሆዜ አንድሬስ አልቫሬስ ላስትራ የሚባሉ የሕግ ዶክተርና የፓናማ ባለ ርስት ሆኑ። የስሙ መነሻ ፊደላት ከእውነተኛው ስማቸው ጋር አንድ እንዲሆኑ ተደርጎ ነው የተመረጠው። ጺም አሳደጉ፣ መነጽር አደረጉ። ከቤልጂግ መውጫ መንገድ ሲጠፋ ማንም በማይጠረጥርበት በኩል ለመሄድ ወሰኑ፤ በጃንዋሪ 1941 በርሊን ገቡ። ባለቤታቸው በኋላ ልጆቹን ይዘው የተከተሏቸው በቬኔዝዌላ ፓስፖርት፣ ባል እንደሞተባት ሴት ሆነው ነው። በሰው ፊት ሚስት ለባሏ፣ ልጅ ለአባቱ ባዳ መሆን ነበረበት። የስድስት ዓመት ልጅ አባቷን በስሙ እንዳትጠራ ማስተማር እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ አስቡት።

በርሊን ውስጥ ወራት ቆዩ፤ የላቲን አሜሪካ ዲፕሎማቶች ረዷቸው። በሜይ 1941 ወደ ስዊድን ወጡ። የበርሊን አይሁዶችን ወደ ምሥራቅ ማጋዝ የተጀመረው ከአምስት ወር በኋላ፣ በኦክቶበር ነው። አጊሬ በእጃቸው የነበረው አንድ እውነተኛ የሚመስል ወረቀት ነው፤ በዚያ ከተማ የነበሩ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ግን እንዲህ ያለ ወረቀት የሚሰጣቸው ቆንስል አላገኙም። ከስዊድን በመርከብ ሪዮ ደ ጃኔይሮ የደረሱት በኦገስት ነው። በኡሩጓይ እውነተኛ ስማቸውን ገለጡ። ከአንድ ዓመት በላይ ሞተዋል እየተባለ ይወራባቸው ነበርና በአሜሪካ ያሉ ባስኮች ደስታ ይህ ነው አይባልም። ኒው ዮርክ ገብተው በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አስተማሩ፤ ስለ ሽሽታቸው የጻፉት መጽሐፍ በ1943 ቦነስ አይረስ ውስጥ ታተመ።

ጦርነቱ ሲያልቅ ሂትለርና ሙሶሊኒ እንደወደቁ ፍራንኮም ይወድቃል ብለው አመኑ። ባስኮች ለአሜሪካኖች በስለላም በሌላም ብዙ አገልግለው ነበርና ውለታው ይታሰባል ብለው ጠበቁ። በ1946 የተባበሩት መንግሥታት አገሮች አምባሳደሮቻቸውን ከማድሪድ እንዲያወጡ መከረ። አጊሬ ፓሪስ ተመልሰው ሻንጣቸው እንደታሰረ ተቀመጡ ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ግን የቀዝቃዛው ጦርነት መጣ፤ ፍራንኮ የኮሚኒስት ጠላት ነውና ተፈለገ። በ1950 የአምባሳደሮቹ ነገር ተሻረ። በ1951 የፈረንሳይ ፖሊስ የባስክ መንግሥትን ፓሪስ ከነበረው ሕንፃው አስወጥቶ ሕንፃውን ለፍራንኮ ኤምባሲ አስረከበ፤ ጌስታፖም በጦርነቱ ጊዜ ከዚያው ሕንፃ አስወጥቷቸው ነበር። በ1953 አሜሪካ ከፍራንኮ ጋር የጦር ሰፈር ውል ተፈራረመች። በ1955 ስፔን የተባበሩት መንግሥታት አባል ሆነች። በየዓመቱ ለገና በዓል በሚያሰሙት ንግግር የመመለሻው ቀን ቀርቧል ሲሉ ኖሩ። ተስፈኛነታቸው ሕዝቡን አንድ አድርጎ አቆየ፤ ነገር ግን ሌላ መንገድ እንዳያስቡ ያደረጋቸው ይኸው ይመስለናል።

በአገር ቤት ኤውስካራ ከትምህርት ቤትና ከመንግሥት ሥራ ወጥቶ ነበር፤ ለልጅ የባስክ ስም ማውጣትም ተከልክሎ ነበር። በፍራንኮ ዘመን ያደጉት ወጣቶች የመጠበቅ ትዕግሥት አለቀባቸው። በ1959 ከፓርቲው ወጣቶች የተለዩት ኤታ የሚባለውን ድርጅት መሠረቱ፤ ይህ ድርጅት በኋላ በመሣሪያ ከ800 በላይ ሰዎችን ገድሎ በ2018 ፈረሰ። አጊሬ ያን ሁሉ አላዩም። በማርች 22 ቀን 1960 ፓሪስ ውስጥ በልብ ሕመም በድንገት ሞቱ። ዕድሜያቸው 56 ነበር።

አስከሬናቸው ከፓሪስ ወደ ባስክ አገር ተወሰደ፤ ግን ድንበሩን ሊሻገር አልቻለም። የተቀበሩት በፈረንሳይ በኩል፣ ሴን ዣን ደ ሉዝ በምትባለው፣ ባስኮች ዶኒባኔ ሎሂሱኔ በሚሏት የአሳ አጥማጆች ከተማ ነው። ከስፔን ድንበር በመኪና ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። በቦታቸው የተተኩት ሌይሳኦላ ስደቱን ቀጥለው ፍራንኮ ከሞተ በኋላ፣ ራስን የማስተዳደሩ ሕግ እንደገና በጸደቀበት በ1979 ወደ ቢልባኦ ተመለሱ። ለአርባ ሁለት ዓመት ያህል ውጭ ኖረዋል። ኤውስካራም ዛሬ በየኢካስቶላው ይማሩበታል፤ በየመንገዱ ምልክትም ላይ ተጽፎ አየነው።

የመጨረሻ ሦስት ሌሊታችንን ድንኳናችንን የተከልነው ከዚያች ከተማ በስተሰሜን፣ ከባሕሩ በላይ ባለ ሜዳ ላይ ነበር። ዝናብ አልነበረም። ጠዋት ልጆቹን ይዘን ወደ መቃብሩ ወረድን፤ አንደኛዋ ልጃችን ከባሕሩ ዳር የለቀመችውን ነጭ ድንጋይ መቃብሩ ላይ አስቀመጠች።